ተሸጧል ያልኳቸው ቦርሳዎች

ደብዳቤውን ያመጣው ሰውዬ በሩን አንኳኩቶ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጠራ። ከነአያቴ ጠርቶኝ ደግ ነገር የነገረኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ትምህርት ቤት ወላጅ አምጪ ስባልም እንዲሁ ነበር የምጠራው። ፈርሜ ተቀበልኩት። ፖስታው ላይ የግብር ቢሮው ማኅተም አለ፤ ከማኅተሙ ሥር አድራሻዬ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ሦስተኛ ፎቅ፣ አሥራ አራት ቁጥር፣ ከደረጃው በስተግራ። ገና ሳልከፍተው አድራሻውን ደግሜ አነበብኩት።

ለምን መሰላችሁ? ይህን አድራሻ ለአንድም ደንበኛ ሰጥቼ አላውቅም። ያገለገሉ የሴት ቦርሳዎችን እየገዛሁ፣ እያሳደስኩ፣ በስልኬ በከፈትኩት ገጽ ላይ መልሼ እሸጣለሁ። ገዢዎቼ የሚያውቁት ስልኬንና ገጼን ብቻ ነው። የተሸጠውን ቦርሳ እቴቴ ታች በር ድረስ ይዛ ወርዳ ለሞተረኛው ታስረክባለች፤ ሞተረኛው ለገዢዋ ያደርሳል። እቴቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። አብረን እንኖራለን፤ የተተረተረውን ሁሉ በስፌት መኪናዋ እየጠገነች አዲስ የምታስመስልልኝም እሷ ናት። ከሁለታችን ሌላ የዚያን ቤት ደፍ የረገጠ የውጭ ሰው አንድ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ የግብር ቢሮ ኦዲተር ነው። የምወደው ሰውም እሱ ነው።

ቆሜ አነበብኩት። “ያለ ንግድ ፈቃድና ያለ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለሁለት ዓመት ተኩል በኢንተርኔት ዕቃ ሲሸጡ መቆየትዎ ተረጋግጧል” ይላል። ገጼ ላይ “ተሸጧል” ተብሎ የተጻፈባቸው አራት መቶ አሥራ ሁለት ቦርሳዎች ተቆጥረው ግብሩ በግምት ተወስኗል። ቅሬታ ካለኝ በአሥር ቀን ውስጥ ከነማስረጃዬ እንድቀርብ፣ ካልቀረብኩ የባንክ ሒሳቤ እንደሚታገድ ተጽፏል። የድምሩን አሃዝ ሳየው መጀመሪያ የስልክ ቁጥር መስሎኝ ነበር።

ያ ገንዘብ ለሱቅ ቀብድ ያጠራቀምኩትን ጠራርጎ ወስዶ፣ ገና የእቴቴን ስፌት መኪና የሚጠይቅ ነው። ሱቋን አግኝቻታለሁ። ጠባብ ናት፤ ግን መስኮቷ ወደ መንገዱ ያያል። ቀብዱን በወሩ መጨረሻ ልከፍል ቃል ገብቻለሁ። ገንዘቡ ከሄደ ሱቋም ሄደች፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ከአልጋ ሥር ቦርሳ ስጎትት መኖሬ ነው። ይህ ሁሉ እያለ ግን፣ ሞኝነቴን ተመልከቱልኝ፣ አንጀቴን ያቃጠለው አድራሻው ነበር።

የምወደውን ሰውዬ ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። እቴቴ “ደረሰኝ” ብላ ነው የምትጠራው። ከዓመት በፊት ለእናቱ ቡናማ ቦርሳ በዓይኔ አይቼ ካልገዛሁ ብሎ መንገድ ዳር ቀጥሮኝ፣ ገንዘቡን ከሰጠኝ በኋላ መነጽሩን እየወለወለ “ደረሰኝስ?” አለኝ። “የለኝም፤ ከፈለግህ ፈገግታዬን ያዝ” አልኩት። ይዞ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጥቶ ዚፑ እንዳስቸገረ ነገረኝ። ዚፑ ምንም አልሆነም ነበር። የግብር ቢሮ ሰው መሆኑን በሦስተኛው ቀጠሯችን ሲነግረኝ ከሳቄ ብዛት ግድግዳ ተደግፌ ነው የቆምኩት። ከዚያ ወዲህ ባገኘኝ ቁጥር “ተመዝገቢ” ይለኛል። “ንግድሽ ትንሽ ነው፤ ዛሬ ብትመዘገቢ የምትከፍዪውም ትንሽ ነው። ነገ ቢደርሱብሽ ግን ሌላ ነገር ነው” ይላል። እኔም “እሺ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ” እለዋለሁ። የሚቀጥለው ወር እኔ ቤት መጥቶ አያውቅም።

ፍቅሩንም የምመልስለት በዚሁ መንገድ ነበር። “ትወጂኛለሽ?” ሲለኝ “አስቤበት በደብዳቤ አሳውቅሃለሁ” እለው ነበር። ይስቃል። አሁን ሳስበው ግን ዓይኖቹ አብረውት አይስቁም ነበር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ከቢሮው ማዶ ካለው አውቶቡስ ማቆሚያ ጠራሁት። መንገዱን ሲሻገር ከሩቅ አየሁት፤ ከስቷል። ሰላምታውን ሳልጠብቅ ደብዳቤውን ደረቱ ላይ ለጠፍኩለት።

“ደረሰሽ” አለ።

“ታውቅ ነበር ማለት ነው።”

“አውቅ ነበር።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

መነጽሩን አወለቀ። “ሦስት ሳምንት ይሆነዋል።”

ሦስት ሳምንት። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት እሑድ ቤታችን መጥቷል። እቴቴ ስትሰፋ ማንገቻውን ወጥሮ ይዞላታል። አንገቴ ላይ የቀረ ክር በሁለት ጣቱ አንስቶልኝ ቶሎ ሳይጥለው ቀርቷል። እኔም ያንን ዓይኑን አይቼ የፍቅር መስሎኝ ነበር።

“ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይን ዓይኔን እያየህ ዝም አልከኝ?”

“ልነግርሽ አልችልም ነበር። ሕጉ አይፈቅድም።”

“የቤቴን ቁጥር ስትሰጣቸው ግን ሕጉ ፈቀደልህ።”

በጥፊ የተመታ ሰው መሰለ። “የምን ቤት ቁጥር?” አለና ደብዳቤውን ወስዶ አድራሻውን አየ።  ወረቀቱን በዚያው በታጠፈበት መስመር አጥፎ መለሰልኝ። “ስለ ፋይልሽ አንዲት ቃል እንዳልነግርሽ ተከልክያለሁ” አለ።

“ጥሩ” አልኩት። “እኔም ከዛሬ ጀምሮ ከአንተ ጋር እንዳልነጋገር ተከልክያለሁ።”

እጁን ሰደደ፤ እጄ ጋ ሳይደርስ መለሰው። ከፊቴ የቆመው አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ እንኳ ሳላይ ተሳፈርኩ። በመስኮቱ ዞሬ ላለማየት አንገቴን ገተርኩት። እንባዬ ግን ማንን ይሰማል።

እቴቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።

“አራት መቶ አሥራ ሁለት ቦርሳ መቼ ነው የሸጥሽው?” አለችኝ። “እኔስ መቼ ነው የሰፋሁት?”

“አልሸጥኩም።”

“ታዲያ ማን ሸጠው?”

እዚህ ላይ የሙያችንን ገመና መግለጥ ሊኖርብኝ ነው። ገጽ ላይ የወጣ ዕቃ ሳምንት ሙሉ ጠያቂ ካጣ ሰው ይንቀዋል። ስለዚህ ሳይሸጥ “ተሸጧል” ብለን እንጽፍበታለን። ሰው ያመለጠውን ይመኛል፤ “ወይኔ፣ ሌላ የለም?” ይላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ “ገዢዋ ሐሳቧን ስለቀየረች ተመልሷል” ብለን እንደገና ስናወጣው ይሻሙበታል። ሁላችንም እናደርገዋለን። የኔ እጅ ግን ለምዶት ነበር፤ ሦስት ጊዜ “የሸጥኩት” አንድ ቦርሳ ሁሉ አለኝ። ቢሮው ደግሞ ቃሌን እንዳለ አምኖ አንድ በአንድ ቆጥሮታል።

እቴቴ ሰምታ ስትጨርስ መርፌዋን መርፌ መውጊያው ላይ ሰካች። “ላም አለኝ በሰማይ የሚል ሰው ሞልቷል” አለች። “በሰማይ ላሙ ግብር የተጣለበት ግን ካንቺ ሌላ ሰምቼ አላውቅም።”

ሳቅኩ፤ ሳቄ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ግን ተነሳሁ። ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ላይ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ቦርሳዎቹን እያወጣን ወለሉ ላይ ደረደርናቸው። አንድ መቶ ሠላሳ ሆኑ። ከባንክ ያስወጣሁት ማስረጃ በእውነት የተሸጡት ሁለት መቶ ስድስት እንደሆኑ ያሳያል። የቀሩት ሰባ ስድስቱ አንዳንዱን ቦርሳ ደግሜ ደጋግሜ የለጠፍኳቸው ናቸው።

እቴቴ ከቦርሳዎቹ መሐል ቆማ ጉልበቷን ያዘች። “ልጁ ግን አድራሻሽን አልሰጠም” አለች።

“ማን ሰጠ ታዲያ?”

“ሞተረኛው። ማለቴ፣ እኔ ነኝ።” ወደ መስኮቱ ዞረች። “ደረጃው እምቢ ካለኝ ዓመት አለፈው። ሞተረኛውን ‹ሦስተኛ ፎቅ አሥራ አራት ቁጥር ናልኝ› እያልኩ እዚሁ በር ላይ ነው የማስረክበው። የሚሠራበት ድርጅት ዕቃ የሚነሳበትን ቦታ ሁሉ ይመዘግባል፤ ግብር ቢሮም መዝገቡን ጠይቆ ወስዶታል። ሞተረኛው ዛሬ ጠዋት ነው የነገረኝ።”

“ለምን ሳትነግሪኝ ቆየሽ?”

“አረጀች እንዳትዪኝ።”

 እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ጉልበቷን አሸሁላት። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የተናገርኩት ሁሉ መልሶ እኔኑ ወጋኝ።

“ደውይለት” አለችኝ።

“አድራሻውን አልሰጠም እሺ። የሦስት ሳምንቱን ዝምታስ ምን ላርገው?”

“ዝም አይነቅዝም ይባላል።”

“የሱ ነቅዟል።”

አልደወልኩለትም። እልህ ያዘኝ ብዬ ነበር ለራሴ፤ እውነቱን ለመናገር ግን አፍሬ ነው።

የደወልኩት ደብዳቤው ላይ ወዳለው ቁጥር ነው። ያነሳችው ሴት ድምፅዋ ረጋ ያለ፣ ቃል የማታባክን ነበረች። የምርመራ ቡድኑ መሪ እኔ ነኝ አለችኝ።

“ቦርሳዎቹ ሁሉ አልተሸጡም” አልኳት።

“ገጽሽ ተሸጠዋል ይላል።”

“ዋሽቼ ነው።”

 “ልጄ” አለችኝ፣ “ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ያገኘውን የሚደብቅ ሰው ነው የማውቀው። ያላገኘውን አገኘሁ ብሎ ለሕዝብ ያወጀ ሰው አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ። አሁን ስሚኝ። ከገጹ ላይ አንዲት ነገር እንዳታጠፊ፤ ማስረጃ ማጥፋት ይሆንብሻል። ገጽሽ ተሸጧል እስካለ ድረስ እኔም ተሸጧል እላለሁ። ውሸት ያልሽውን በእያንዳንዱ ሥር ውሸት መሆኑን ጻፊበት። አልተሸጡም ያልሻቸውን ቦርሳዎች ደግሞ እዚህ አምጥተሽ አሳዪኝ።”

“ሁሉንም?”

“ሁሉንም።”

በእያንዳንዱ ሥር፣ ሰባት ሺህ ሰው በሚያየው ገጽ ላይ። ስልኩን ዘግቼ እጄን አየሁት። ባልጽፍ ሱቋም ገንዘቡም ሄደ። ብጽፍ ደግሞ ሁለት ዓመት ተኩል “የኔ እመቤት፣ የታመንሽ” ሲሉኝ የኖሩ ሴቶች ፊት ቀልዬ መቅረቴ ነው። እቴቴ ወንበር ሳብ አድርጋ ሰጠችኝ። ቁጭ አልኩ።

“ይህ ቦርሳ ያን ጊዜ አልተሸጠም ነበር። ተሸጧል ያልኩት ውሸቴን ነው። ይቅርታ።” ይህንኑ ሁለት መቶ ስድስት ጊዜ ጻፍኩት። እየቀዳሁ መለጠፍ እችል ነበር፤ እጄ እንዲያውቀው ብዬ እያንዳንዱን በጣቴ ጻፍኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በመጀመሪያው ቀን ስድባቸው እንደ ዶፍ ወረደ። “አጭበርባሪ” የሚለው ከሁሉም ለስላሳው ነበር። በሁለተኛው ቀን ስድስት መቶ ሰው ገጼን ጥሎ ወጣ። አንዲት ደንበኛ ረጅም ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ እናቷ ታማ ሳለ አንዱን ቦርሳ ልትገዛላት ፈልጋ እንደነበር፣ ተሸጧል ስላልኳት ሌላ ገጽ እያሰሰች ስንት ቀን እንዳጠፋች ነገረችኝ። እሷን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አንዷ “ታዲያ ያቺ ሰማያዊዋ አሁንም አለች?” ብላ ጻፈችልኝ። እቴቴ ይህን ስትሰማ እስክታስላት ሳቀች።

የመጨረሻውን ስጨርስ አውራ ጣቴ አብጦ ነበር። 

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አንድ መቶ ሠላሳውን ቦርሳ በስምንት ጆንያ ሞልተን በኪራይ መኪና ቢሮው ደጃፍ አራገፍን። ጥበቃው ጆንያዎቹን እየዳበሰ “እዚህ ገበያ የለም እኮ እናቴ” አላት እቴቴን። “ስላልገበየን ነው የመጣነው” አለችው።

የምድር ቤቱ አዳራሽ በሰው ተሞልቷል። በቅድሚያ የወረፋ ቁጥር መውሰድ ነበረብኝና ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው እሱ ነበር።

አራተኛ ፎቅ የራሱ ጠረጴዛ የነበረው ኦዲተር፣ ወረፋ ቁጥር ያድላል። ክው አልኩ። እሱም አየኝ። ዓይኖቹ ፊቴን፣ ያበጠ ጣቴን፣ ከኋላዬ የተደረደሩትን ጆንያዎች አዩና ተመልሰው ፊቴ ላይ ቆሙ። የሚናገር መስሎኝ ጠበቅኩ።

“ሠላሳ ሰባት ቁጥር። አራተኛ ፎቅ” አለ።

ወረቀቷን በመስታወቱ ቀዳዳ ገፋት። ጣቱ ጫፏን ይዞ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ለቀቀ። ያን ጊዜ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያረፈው ሌላው እጁ ነጭ እስኪሆን ድረስ ተጨምቆ አየሁት።

አሳንሰሩ ተበላሽቷል ተባልን። ጥበቃውና ወረፋ ላይ የነበሩ ሁለት ነጋዴዎች አንድ በአንድ ጆንያዎቹን ተሸከሙልኝ። “ያ መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ ሁልጊዜ እዚያ ነው?” አልኩት ጥበቃውን ደረጃው ላይ። “አይ፣ ከላይ ነው ያወረዱት፤ ወር ሊሞላው ነው” አለኝ። “ምን እንዳጠፋ እንጃ። ደህና ሰው ነበር።” ከዚያ በኋላ ደረጃው አልታወቀኝም፤ ጆሮዬ ላይ የሚጮኸው ያ “ወር ሊሞላው ነው” የሚለው ቃል ብቻ ነበር።

የቡድን መሪዋ ሽበቷን ያልቀባች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ረጅም ጠረጴዛ ባለው ክፍል ተቀበለችን። “ፎቶውን አሳዪኝ። ቦርሳውን አሳዪኝ” ትላለች፤ እኔ አሳያለሁ፤ ቦርሳውን ገልብጣ ጭረቱን ከፎቶው ጭረት ጋር ታስተያያለች፤ ምልክት ታደርጋለች። እቴቴ ማንም ሳይጠይቃት ስለ ስፌቱ ታስረዳለች። እንዲህ ስንል አርባ አካባቢ ላይ አንዲት አረንጓዴ ቦርሳ ሳወጣ ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

“ይቺን አውቃታለሁ” አለች። “ባለፈው ዓመት ለልጄ ምረቃ ጽፌልሽ ነበር። ‹አዝናለሁ፣ ተሸጧል› አልሽኝ።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ” አልኳት። “ይውሰዷት። ገንዘብ አልፈልግም።”

“ይህ ነገር እዚህ ቤት ውስጥ ሌላ ስም አለው፤ ደግመሽ እንዳትዪው” አለችኝ። ከመነጽሯ በላይ እያየችኝ ቀጠለች። “ከአንቺ ገዝቼ ቢሆን ፋይልሽን መያዝ አልችልም ነበር። ውሸትሽ ነው እዚህ ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ።” ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ አልማልም ግን። “ቀጥዪ፤ ሰማንያ ዘጠኝ ይቀርሻል።”

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ጨረስን። ግምቱ ወደ ግማሽ ወረደ። “ባለመመዝገብሽ የመጣውን ቅጣት ግን አላነሳልሽም” አለችኝ።

“እንዲነሳልኝ አልጠይቅም” አልኩ። “መመዝገቢያውን ዛሬ ይስጡኝ። ግብሩን በአንድ ዓመት ከፍዬ እጨርሳለሁ።”

ለሱቋ ካስቀመጥኩት ከሦስት እጅ ሁለቱ ሊሄድ ነው። በዚህ ወር ሱቅ የለኝም። ገጼ ግን አለ፤ የቀሩልኝ ደንበኞች አሉ፤ ንግዴም ከዛሬ ጀምሮ ቁጥር ያለው፣ ደብዳቤ ሲመጣ የማይንቀጠቀጥ ንግድ ነው። ሱቋን በሚቀጥለው ዓመት እከራያለሁ። እሷ ካልሆነችም ሌላ። ይህን ሳስብ ጀርባዬ ቀና አለ።

“አንድ ነገር ቀርቷል” አለችኝ የቡድን መሪዋ። ከፋይሉ መጨረሻ አንድ ወረቀት አውጥታ ወደኔ ገፋችው። የእጅ ጽሕፈቱን ገና ከሩቅ ነው ያወቅኩት። ቀኑ ወር ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ፋይሌ የተከፈተበት ቀን ነው።

“ከላይ ስሟ የተጠቀሰው ግብር ከፋይ ፋይል እንድመረምረው ተመርቶልኛል። ልይዘው አይገባም። ከግብር ከፋይዋ ጋር ያለኝ ግንኙነት፦ ላገባት የምፈልጋት ሴት ናት። እስካሁን አልጠየቅኋትም። ጉዳዩ እስኪያልቅ ስለ ፋይሉ ምንም እንደማልነግራት፣ በሥራዬ ላይ የሚመጣውን ውሳኔም እንደምቀበል በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።”

“ምን ይላል?” አለች እቴቴ።  ወረቀቱን ገፋሁላት፤ አርቃ ይዛ አነበበችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ ሻርፗን አስተካከለች፣ ሰው ፊት እንደቀረበ ሰው።

“ሕጉ የአንቺንም ቃል ይፈልጋል” አለች የቡድን መሪዋ። “እንዲህ ያለ ግንኙነት የለንም ካልሽ ከነገ ጀምሮ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። አለን ካልሽ ግን ንግድሽ ባለበት ከተማ ኦዲተር ሆኖ መቀጠል አይችልም። ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይዛወራል፤ በአውቶቡስ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። ያንቺ ግብር በሁለቱም አይጨምርም፣ አይቀንስም። አስቢበት።”

ያ ጠረጴዛ የአሥር ዓመት ልፋቱ ነው። አንዲት ትንሽ ውሸት ትመልስለታለች። ያውም ለራሴ ጥቅም ያልሆነች፣ ለሱ የምትሆን። እንዲህ ያለውን ደግሞ ማን ይችልበታል ብትሉ እኔ ነኝ። እስክሪብቶውን አንስቼ “የለንም” የሚለው ሳጥን ላይ አደረስኩት። እጄ ግን እዚያው ቆመ። እሱ ይህን ሲጽፍ ጠረጴዛው እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። እኔ እሺ እንደምለው እንኳ አያውቅም። ስንት ጊዜ ጠይቆኝ አንድ ቀን ደህና መልስ አልሰጠሁትም፤ እያወቀ ጽፎ ፈረመ። አሁን እኔ “የለንም” ብዬ ብፈርምለት ያ ሰው ምኑን ጠቀምኩት?

“አለን” የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ከሥሩ ማብራሪያ የሚል መስመር ነበረው። “እውነት ነው። እኔም እወደዋለሁ። እስካሁን አልነገርኩትም” ብዬ ጻፍኩ። ስፈርም እንባዬ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ፤ የቡድን መሪዋ በመምጠጫ ወረቀት ጫን አደረገችበት።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። መስኮቱ ፊት አምስት ስድስት ሰው ተሰልፏል። አለፍኳቸው፤ አጉረመረሙ። እሱ አንገቱን እንደደፋ ነበር።

“አሁን ልታናግረኝ ትችላለህ” አልኩት። “ፋይሉ ተዘግቷል።”

ቀና አለ።

“ጠረጴዛህን አሳጣሁህ” አልኩት። “ፈርሜ መጣሁ።”

“ምን ብለሽ ፈረምሽ?”

ሰልፉ ሁሉ ጆሮውን አቁሟል። ድሮ ቢሆን ቀልጄ አልፌው ነበር። “እወደዋለሁ ብዬ” አልኩት።

“ይሄ ደግሞ የስንተኛ መስኮት ጉዳይ ነው?” አለ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ።  የኔው ሰው ከወንበሩ ተነስቶ የጎን በሩን ከፍቶ ወጣ። መሐላችን መስታወት ሳይኖር ሳየው ይበልጥ ከስቶ ታየኝ።

“እነዚያን እሑዶች ከናንተ ቤት ስወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ እል ነበር” አለኝ። “አንዴ ልነግርሽ ተመልሼ በራችሁ ጋ ደርሻለሁ። አንኳኩቼ ብነግርሽ ግን…”

“ብትነግረኝ ገጹን ያኔውኑ አጠፋው ነበር” አልኩት። “ከዚያ በኋላ ማን እንደነገረኝ ይጠይቁ ነበር። አንተም ትጠፋ፣ እኔም ውሸታም ሆኜ እቀር ነበር። ያኔ አልገባኝም። አድራሻውንም አንተ አልሰጠህም። ይቅር በለኝ።”

“አምስት ሰዓት መንገድ ነው” አለ። “ነግረውሻል?”

“ነግረውኛል።”

“ቀላል አይሆንም።”

“ቀላሉን ለምጄ አየሁት እኮ” አልኩት። “ለመሥሪያ ቤቱ ከነገርከው ወር ሊሞላው ነው። አሁን እኔን ጠይቀኝ።”

“እዚህ?”

“እዚህ።”

እቴቴ በደረጃው መደገፊያ ይዛ አንድ አንድ እግር እያለች ስትወርድ አየኋት፤ መሐል ላይ ስትደርስ ቆመች። ጥበቃውም ቆሟል። እሱ መነጽሩን ሊያወልቅ እጁን አነሳና ተወው።

“ታገቢኛለሽ?” አለኝ።

ምላሴ ጫፍ ላይ የመጣውን ቀልድ ዋጥኩት።

“አዎ” አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼም፣ እንደዚያ ቀን እርግጠኛ ሆኜም አላውቅም።